በሰፊው አለ የተባለው ሸረሪት

በአፍሪካ የሳቫና ምድር፣ በተላጠ የዛፍ ቅርፊት ስር፣ በድንጋይ ስንጥቅና በቤት ግድግዳ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚያድን አንድ ጠፍጣፋ ሸረሪት አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ሴሌኖፕስ ራዲያቱስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፒየር አንድሬ ላትሬይ ሲሆን ዓመቱም 1819 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዚህ ሸረሪት መኖሪያ ተብሎ በመዝገብ የሰፈረው አገር ከሜዲትራኒያን ዳርቻ ይነሳል፤ አፍሪካን ያካልላል፤ በመካከለኛው ምሥራቅ አልፎ ሕንድን፣ ምያንማርንና ቻይናን ይነካል። ይህን ያህል አገር ያለው እንስሳ ደግሞ ማንንም አያሳስብም፤ በሰፊው አለ፣ አደጋ የለበትም ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ይህ ፍርድ ገና አልተፈተነም ባይ ነኝ። ስፋቱ የእንስሳው ሊሆን ይችላል፤ የአመዘጋገባችን ውጤትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ሸረሪቱ በሚኖርበት አገር፣ በአገሩ ሰዎች እጅ የሚካሄድ ዘላቂ የምዝገባ ሥራ ያስፈልጋል። ባለፈው ሩብ ምዕተ ዓመት በደቡብ አፍሪካ የሆነው ነገር ይህ ሥራ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ሌሎቹ የሳቫና አገሮች ወደዚያ የማይገቡበት ምክንያት እየሳሳ ሄዷል።

አስቀድሞ እንስሳውን ማየት ይገባል። ሸረሪት ሲባል ድር ይታሰባል፤ ይህኛው ግን ለአደን ድር አያደራም። ሰውነቱ ከላይ ወደ ታች የተደፈጠጠ ነው፤ እግሮቹም እንደ ሸርጣን እግር ወደ ጎን ተዘርግተው ከተቀመጠበት ገጽ ጋር ይጣበቃሉ። ከስምንት ዓይኖቹ ስድስቱ በፊት ለፊት በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ፤ ሁለቱ ከኋላቸው ይቀራሉ፤ ይህ አሰላለፍ ሴሌኖፒዴ የተባለው የመላው ቤተሰብ መለያ ነው። ቀኑን ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጦ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ግንዱ ላይ ወይም ግድግዳው ላይ ንቅንቅ ሳይል ያደፍጣል። ዩ ዜንግና ሣራ ክሩስ በ2018 ባወጡት ጥናት የእነዚህን ሸረሪቶች አደን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው መርምረዋል። ታዳኙ ከፊት ይምጣ ከኋላ ወይም ከጎን፣ ሸረሪቱ በሰከንድ አንድ ስምንተኛ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ዞሮ ይይዘዋል፤ የመዞር ፍጥነቱም በሰከንድ እስከ 3,000 ዲግሪ ይደርሳል። ለታዳኙ ቅርብ የሆነውን እግሩን ገጹ ላይ ተክሎ ሰውነቱን ይስባል፤ በሌላው ወገን ያሉት እግሮች ደግሞ ይገፉታል። ሌሎቹን እግሮቹን ወደ ሰውነቱ ሲሰበስብም ዙሩ ይበልጥ ይፈጥናል። በእግር በሚሄዱ የየብስ እንስሳት ዘንድ ከዚህ የፈጠነ መዞር እስከዚያ ጊዜ አልተመዘገበም ነበር።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ2015 ስቲቭ ያኖቪያክ፣ ዮናታን መንክና ሮበርት ደድሊ ሌላ አስገራሚ ነገር አሳትመዋል። በፓናማና በፔሩ ደን ውስጥ የዚሁ ወገን አባላት የሆኑ 59 ሸረሪቶችን ከረጃጅም ዛፎች አናት ቢለቋቸው፣ ከመቶ 93ቱ ዝም ብለው መሬት አልወደቁም፤ በአየር ላይ አቅጣጫቸውን አስተካክለው ወደ ዛፉ ግንድ ተመለሱ። ክንፍ የሌለው እንስሳ በሰውነቱ ጥፍጣፌና በእግሮቹ አየሩን ይቀዝፈዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ለወገኑ ሁሉ መለኪያ የሆነው፣ ሴሌኖፕስ የሚለው ስም የቆመበት ዝርያ፣ በአፍሪካ ምድር የሚኖረው ራዲያቱስ ነው። ስለ ወገኑ የአየር ላይ ጠባይ ያወቅነው ግን ከአሜሪካ ደኖች ነው። የሳቫናው ዛፍ አጭር ነው፤ ቅርንጫፉ የተበታተነ፣ በዛፍና በዛፍ መካከል ያለው ቦታም ሣር ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ዘመዳቸው በአየር ላይ መቅዘፍ ያስፈልገው እንደሆነ፣ ወይስ ችሎታው በጊዜ ብዛት ጠፍቶበት እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው እዚሁ ሙከራውን በማድረግ ነው። ዘመዱ የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል ብሎ መውሰድ፣ ከላይ ያልተፈተነ ፍርድ ያልኩት ዓይነት አስተሳሰብ ሌላ ገጽታው ነው።

የስሙ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ላትሬይ ስሙን ባወጣ በዓመቱ፣ በ1820፣ ሌላው ፈረንሳዊ ሌዎን ዱፉር ለዚያው እንስሳ ሴሌኖፕስ ኦማሎሶማ የሚል ስም ሰጠው፤ ይህ ስም በኋላ ወደ ላትሬይ ስም ተጠቃሎ ቀርቷል። በ1897 ዩጂን ሲሞን ፓሪስ ተቀምጦ ቤተሰቡን አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በደቡብ አፍሪካ ሬጂናልድ ሎውረንስ በ1940፣ በቤልጂየም ፒየር ቤንዋ በ1968 የአህጉሩን ደቡባዊ ክፍል ዝርያዎች ፈትሸዋል። ቤንዋ በዚያ ሥራው ከሴሌኖፕስ ለይቶ ያወጣው አኒፎፕስ የተባለው ወገን ዛሬ በአብዛኛው በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ በርካታ ዝርያዎችን ይዟል። ከሰሃራ በታች ያለውን የሴሌኖፕስ ወገን በሙሉ አሰባስቦ የመረመረው ደግሞ አርጀንቲናዊው ሆሴ አንቶኒዮ ኮሮንካ ሲሆን ሥራው በ2002 ታትሟል። አርጀንቲናዊ ምሁር የአፍሪካን ሸረሪቶች ማጥናቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ሳይንስ ድንበር ሊኖረው አይገባም። ሆኖም እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው በሙዚየም መሳቢያ ባለ ናሙና ነው። ናሙናው ከየት ተሰበሰበ፣ ስንት ወንድ ስንት ሴት አለ፣ የትኛው አገር ጨርሶ የለበትም የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው የተወሰነው ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት፣ ማን ወዴት እንደተጓዘ በተጻፈበት ታሪክ ነው።

የኢትዮጵያ ድርሻ ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ይወጣል። በ1876 ኦራትዮ አንቲኖሪ የመራው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞ ሸዋ ገባ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት፤ አንቲኖሪም እዚያው ኖሮ በ1882 እዚያው አረፈ። ከሸዋ የተሰበሰቡት ሸረሪቶችና ጊንጦች ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ተልከው በ1883 ፒየትሮ ፓቬሲ «የሸዋ መንግሥት አራክኒዶች» ብሎ ሰፊ ጥናት አወጣባቸው። ቀጣዩ ትልቅ ሥራ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ በኤዶአርዶ ዛቫታሪ የተመራው የ1939ኙ የሰገንና የኦሞ ጉዞ ስብስብ በሉዶቪኮ ዲ ካፖሪያኮ ተጠንቶ በ1941 ታተመ። ሁለቱም ሥራዎች ዛሬም ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱም የጣሊያን ናቸው። የናሙናዎቹ መሄድ ብቻውን አያስቆጨኝም፤ በጣሊያን ሙዚየም በአልኮል ተጠብቀው ባይቆዩ ኖሮ ምናልባት ጨርሰው ይጠፉ ነበር። የሚያስቆጨው ከ1941 በኋላ ያለው ዝምታ ነው። አንድ አገር ስለ ራሱ ሸረሪቶች ያለው መሠረታዊ እውቀት በንጉሥ ዘመን በተሰጠ የማረፊያ ቦታና በወራሪ ጦር ጥላ ስር በተደረገ ጉዞ ላይ ሲቆም፣ «በሰፊው አለ» የሚለው መዝገብ በዚያ አገር በኩል የሚያርፈው በጥቂት ነጥቦች ላይ ነው።

ለምን ነጥቦቹ ጥቂት መሆናቸው ይህን ያህል እንደሚያሳስብ ለመረዳት የሸረሪት ዝርያ እንዴት እንደሚለይ ማወቅ ይጠቅማል። በቀለም አይለይም፤ የቅርፊት ቀለም የያዘ ሸረሪት ሁሉ ይመሳሰላል። በመጠንም አይለይም። ባለሙያ የሚያየው የመራቢያ አካሉን ነው፤ በወንዱ ከአፉ አጠገብ ባሉት ሁለት አጫጭር እግር መሰል አካላት ጫፍ ላይ ያለውን የተወሳሰበ ቅርጽ፣ በሴቷ ከሆዷ ስር ያለውን ጠንካራ ሰሌዳ ከነውስጥ ቦዩ። ይህ አካል የሚሟላው ደግሞ ሸረሪቱ ሲጎለምስ ነው። ስለዚህ ጫጩት ሸረሪት፣ አብዛኛውን ጊዜ ተሰብሳቢው እሱ ቢሆንም፣ ከወገኑ አልፎ ዝርያው አይታወቅም። በዚያ ላይ ወንድና ሴት አንድ ላይ ካልተገኙ የትኛው ወንድ የየትኛዋ ሴት እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል፤ በርካታ የአፍሪካ ዝርያዎች ዛሬም የሚታወቁት በአንድ ጾታ ብቻ ነው። የአሰባሰቡ ዘዴም የራሱ አድልዎ አለው። ተመራማሪ በብዛት የሚጠቀምበት መሬት ውስጥ የሚቀበር ጣሳ መሬት ለመሬት የሚርመሰመሰውን ይይዛል፤ ቅርፊት ስር ውሎ ግንድ ላይ የሚያድረው ጠፍጣፋ ሸረሪት ወደ ጣሳው የሚሄድበት ምክንያት የለውም። እሱን ለማግኘት ቅርፊት መላጥ፣ ሌሊት በራስ ላይ በሚታሰር ባትሪ ግንድ በግንድ መፈለግ ያስፈልጋል። ጣሳ ቀብሮ ያልያዘ ሰው ሸረሪቱ የለም ይላል፤ የቤት ግድግዳ ላይ ያገኘ ሰው ደግሞ በየቦታው አለ ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት።

ቀረብ ብሎ ማየት ምን እንደሚያወጣ የዚሁ ቤተሰብ ሌሎች አገሮች ምስክር ናቸው። በአውስትራሊያ የሚኖሩት ጠፍጣፋ ሸረሪቶች ለረጅም ጊዜ በሴሌኖፕስ ስም ይጠሩ ነበር፤ ጥቂት ዝርያዎች ናቸው ተብሎም ይታሰብ ነበር። በ2011 ሣራ ክሩስና ማርክ ሃርቪ ካራኦፕስ የተባለ የራሳቸው ወገን መሆናቸውን አሳዩ፤ በዚያው ሥራ በርካታ አዳዲስ ዝርያዎችም ስም አገኙ። በካሪቢያን ደሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ የቅርጽና የዘረመል ማስረጃን አጣምሮ አንድ የሚመስለው ወገን በየደሴቱ የራሱን ታሪክ እንዳዳበረ ገልጧል። ይሁን እንጂ ማስረጃውን ወደ አንድ ወገን ብቻ መጎተት ተገቢ አይደለም። ቀረብ ብሎ ማየት አንዳንዴ ይለያል፤ አንዳንዴም ያጣምራል። የዱፉር ስም ወደ ላትሬይ ስም መጠቃለሉ እንደሚያሳየው ሰዎች አንዱን እንስሳ ሁለት ብለው የጠሩበት ጊዜም አለ። ራዲያቱስ በእርግጥ አንድ ዝርያ ሆኖ ከስፔን እስከ ቻይና ሊኖር ይችላል። ግድግዳ የሚወድ፣ በማገዶ እንጨትና በዕቃ መካከል የሚሸጎጥ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የሚቆይ እንስሳ በንግድ መንገድ ከሰው ጋር ቢሰራጭ አያስገርምም። የእኔ ነጥብ ሁለት መልስ መኖሩ ነው፤ መልሱ ደግሞ ፓሪስም ጄኖቫም መሳቢያ ውስጥ አይገኝም። ከሰሜን አፍሪካ፣ ከምሥራቁ ግራር ምድር፣ ከደቡቡ ሳቫናና ከእስያ የመጡ የጎለመሱ ወንዶችና ሴቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው የሚገኘው።

ይህን የሚያስችለው ሥርዓት በአፍሪካ ምድር ተሠርቷል። በ1997 በደቡብ አፍሪካ የግብርና ምርምር ምክር ቤት ውስጥ በአንሲ ዲፔናር ሹማን መሪነት ብሔራዊ የአራክኒድ ጥናት ተጀመረ። ዓላማው ቀላል ይመስላል፤ በአገሪቱ ያሉትን ሸረሪቶች በሙሉ መመዝገብ። ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። በየሙዚየሙ የተበተነውን የድሮ ናሙና በአንድ መዝገብ ማሰባሰብ፣ ከዚህ ቀደም ማንም ያልሄደባቸውን ክልሎች ለይቶ ቡድን መላክ፣ በእርሻ፣ በፍራፍሬ ማሳና በግል የዱር እንስሳት ግቢ መሰብሰብ፣ ተማሪዎችን ማሠልጠን፣ ገበሬውና ከተሜው ያነሳቸውን ፎቶዎች መቀበል። በ2010 የመጀመሪያው የደቡብ አፍሪካ ሸረሪቶች አትላስ ታተመ። በ2011 ስቴፋን ፎርድና ባልደረቦቹ የሳቫናውን ክፍል ብቻ ለይተው ሲያወጡ ከ1,200 በላይ ዝርያዎች ተቆጠሩ። የአገሪቱ አጠቃላይ ቁጥር ከ2,200 አልፏል፤ ለእያንዳንዱ ዝርያም የአደጋ ደረጃው ተመዝኗል። ደቡብ አፍሪካ የዓለም የሸረሪት ማዕከል ስለሆነች አይደለም ይህን ያህል ቁጥር የያዘችው። አጎራባች አገሮች በመዝገብ ድሃ መስለው የሚታዩት ወንዝ ሲሻገር የሸረሪት ብዛት ስለሚቀንስ አይደለም፤ መዝጋቢው ወንዙን ስላልተሻገረ ነው። በካርታው ላይ ነጥብ የተከመረበት ቦታ ተመራማሪ የኖረበት ቦታ ነው።

ከዚህ ሥራ የሚበልጥብኝ ትምህርት ግን ከቁጥሩ ይልቅ «መረጃ የለም» የሚለው ምድብ ነው። አንድ ዝርያ ሲመዘን አደጋ ላይ ነው ወይም አይደለም ከመባል በተጨማሪ ለመፍረድ የሚበቃ መረጃ የለም ሊባልም ይችላል። ይህ ሦስተኛው ምድብ ሐቀኛ ነው። አጥኚዎቹ እርግጠኛ ባልሆኑበት ቦታ እርግጠኛ መስለው አልጻፉም፤ ከዚያም ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ካርታ ሆነላቸው። በሰፊው አለ ተብሎ የሚታለፍ እንስሳ ይህን ዕድል አያገኝም። መረጃ የለም ስላልተባለ ማንም አይፈልገውም፤ ማንም ስላልፈለገውም ቀድሞ የተጻፈለት ፍርድ ሳይነካ ይኖራል።

እንዲህ ያለው ምዝገባ በሌሎቹ አገሮችም ይጀመር ሲባል የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከድህነት ነው። በድርቅ፣ በጦርነትና በሥራ አጥነት ለሚጨነቅ አገር ሸረሪት መቁጠር ቅንጦት ነው ይባላል። ይህ ተቃውሞ ከልብ የሚነሳ ስለሆነ በቀላሉ ሊገፋ አይገባውም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሸረሪት ጠቃሚ ነው የሚል ነው፤ እውነትም አለው። ማርቲን ኒፍለርና ክላውስ ቢርክሆፈር በ2017 እንዳሰሉት የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ታዳኝ፣ በአብዛኛው ነፍሳትን፣ ይበላሉ። በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የሚኖረው ኤቫርቻ ኩሊሲቮራ የተባለ ዘላይ ሸረሪት ደግሞ ደም የጠጣች የወባ ትንኝን መርጦ እንደሚያድን ተረጋግጧል። ነገር ግን ጠፍጣፋው ሸረሪት ወባን ያጠፋል ብዬ ለመከራከር አልፈልግም፤ እንዲህ ያለ ማጋነን ለጊዜው ጆሮ ቢያስገኝም በኋላ እምነት ያሳጣል። ጠንካራው መልስ ሌላ ነው። የሳቫናው መሬት ዛሬ ለመስኖ እርሻ፣ ለስኳር ልማት፣ ለመንገድና ለከሰል እየተመደበ ነው። ይህ ውሳኔ የሚሰጠው በአካባቢ ተጽእኖ ግምገማ ላይ ተመስርቶ ነው፤ ግምገማው ደግሞ የሚመዝነው በዝርዝር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ዝርዝር በሌለበት ግምገማው ትልልቆቹን አጥቢዎችና ወፎችን ቆጥሮ ያበቃል። በጀቱም ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ አልኮል፣ ጠርሙስ፣ ባትሪ፣ ማይክሮስኮፕና የሁለት ሦስት ሰው ቋሚ ደመወዝ ነው። የሚከብደው ገንዘቡ ሳይሆን ዘላቂነቱ ነው። ለሦስት ዓመት በመጣ ዕርዳታ ተጀምሮ በሦስተኛው ዓመት የሚዘጋ ፕሮጀክት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የደቡብ አፍሪካው ሥራ ያፈራው ከሃያ ዓመት በላይ ስለቀጠለ ነው።

የከሰሉ ነገር ለብቻው መታየት ይገባዋል። የጠፍጣፋው ሸረሪት ኑሮ ጥፍጣፌው ላይ የቆመ ነው፤ ጥፍጣፌው የሚጠቅመው ደግሞ ስንጥቅ ሲኖር ነው። ለጋ ዛፍ ቅርፊቱ ጥብቅ ነው። ሸረሪቱ የሚሸጎጥበት ልቅ ቅርፊት የሚገኘው በሸመገለ ግራር፣ ቆሞ በደረቀ ግንድና በወደቀ እንጨት ላይ ነው። ከሰል አክሳዩና ማገዶ ለቃሚዋ አስቀድመው የሚያነሱት ይህንኑ ነው፤ ደረቅ ስለሆነ ይቀላል፣ ይነዳል፣ ሕግም ብዙ አይከለክለውም። ስለዚህ ከሳተላይት ሲታይ ደኑ ያለ የሚመስል፣ ወጣት ዛፍ የሞላበት ቦታ ለዚህ ሸረሪት ቤት የሌለው ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ መኖር የለመዱት እንደምንም ያልፋሉ። ቅርፊት የሙጥኝ ያሉት ግን፣ የተለየ ዝርያ ሆነው ቢገኙ፣ በሰፊው አለ በሚለው ስም ተሸፍነው ሊጠፉ ይችላሉ። ማገዶ የሚለቅም ቤተሰብ ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው የሚለቅመው፤ እሱን ወንጀለኛ ማድረግ መልስ አይሆንም። የተከለሉ ቦታዎች ሲታቀዱ ግን የሸመገለና የደረቀ እንጨት ሳይነካ የሚቀርበት ክፍል እንዲኖር ማድረግ ይቻላል፤ ለዚያም ቅርፊቱ ስር ማን እንዳለ የሚናገር ሰነድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቴክኖሎጂ በኩል ነው። ዘረመል በርካሽ በሚነበብበትና ስልክ ፎቶ አይቶ ስም በሚናገርበት ዘመን ለምን ሰው በማይክሮስኮፕ ላይ ይጎብጣል? ሁለቱም መሣሪያዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ፎቶ በተለይ ማንም ያልሄደበትን ቦታ ለመጠቆም ተወዳዳሪ የለውም። ግን ዘረመል ራሱ ስም የለውም። የተነበበው ፊደል ማን እንደሆነ የሚታወቀው አስቀድሞ በባለሙያ ከተለየ ናሙና ጋር ሲመሳከር ነው፤ ማመሳከሪያው ከሌለ ውጤቱ ከማይታወቁ ሸረሪቶች አንዱ ነው ከማለት አያልፍም። ማመሳከሪያው በስህተት ከተሰየመም ስህተቱን በፍጥነት ያባዛዋል። ፎቶውም ቢሆን ከላይ የተነሳ ነው፤ መለያው ያለው ከስር ነው። ስልኩ በልበ ሙሉነት ራዲያቱስ ነው ብሎ በነገረን ቁጥር ያ ነጥብ ወደ ካርታው ይገባል፤ ስፋቱም ሳይፈተን ይሰፋል። ስለዚህ አዲሱ መሣሪያ የባለሙያውን ሥራ አላስቀረም። እንዲያውም ባለሙያው የሚያጣራው ነገር በዝቶበታል፤ በዚህ ዘመን ባለሙያ አለማፍራት ከቀድሞው ይበልጥ ይጎዳል።

ሌላው መሰናክል ፍርሃት ነው። በአገራችን አልማዝ ባለጭራ የሚባለውን የሚያቃጥል የቆዳ ቁስል ሸረሪት ሸንታበት ነው የሚል እምነት በሰፊው አለ። በሽታው ግን ከሸረሪት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በልጅነት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያስከትለው የጉድፍ ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ እንደገና ሲነሳ የሚመጣ ነው። ጠፍጣፋው ሸረሪትም ለሰው የሚያሰጋ መርዝ የለውም፤ ሰው ሲቀርበው ወደ ስንጥቁ ይሮጣል። በግድግዳ ላይ ሲታይ በጫማ የሚጨፈለቀው ባልሠራው ጥፋት ነው። ይህን ማስተማር ለሸረሪቱም ለታማሚውም ይበጃል፤ ሸረሪት ሸንቶብኝ ነው ያለ ሰው መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር የሚሻለውን በሽታ ይዞ ቤቱ ይቆያልና።

የመጨረሻው ጥያቄ ናሙናው የማን ይሁን የሚለው ነው። የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያው ፕሮቶኮል፣ በ2010 ጸድቆ በ2014 ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም ከዚያ አስቀድማ በ2006 የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትንና የማኅበረሰብ እውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482 አውጥታለች። አንድ ወገን እነዚህ ሕጎች ምርምርን ያንቃሉ ይላል። ፈቃድ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ለውጭ አጥኚም ለአገር ተማሪም እኩል ያስቸግራል፤ ስም ለማውጣት የሚሄድ ሸረሪትና መድኃኒት ለመሥራት የሚሄድ ዕፅ በአንድ ዓይን መታየታቸውም ልክ አይመስለኝም። ነገር ግን የሕጉ መንፈስ ትክክል ነው። ከ1883 እና ከ1941 ሥራዎች የምንማረው፣ ናሙና ሲሄድ እውቀቱም አብሮ እንደሚሄድና ተመልሶ እንደማይመጣ ነው። መፍትሔው በሩን መዝጋት ሳይሆን አገር ውስጥ ተረካቢ ማቆም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ። የሚጎድለው የሸረሪት ክፍል የሚባል መደርደሪያ፣ ለእሱ የተመደበ ቋሚ ባለሙያ፣ ከተሰበሰበው ከእያንዳንዱ ዝርያ ግማሹ አገር ውስጥ ይቅር የሚል ቁርጥ ያለ አሠራርና ለስም ማውጣት ብቻ የሚሆን ፈጣን ፈቃድ ነው።

ከየት ይጀመር ለሚል ሰው ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው። ፓቬሲና ካፖሪያኮ ናሙናዎቻቸው ከየት እንደተሰበሰቡ ጽፈው ትተዋል፤ ከሸዋ ተራሮች እስከ ኦሞ ቆላ ድረስ ያሉት እነዚህ ቦታዎች ተመልሰው ቢፈተሹ ከሰማንያና ከመቶ አርባ በሚበልጥ ዓመት ውስጥ ምን እንደቀረ፣ ምን እንደመጣ ለመለካት የሚያስችል መነሻ ይሆናሉ። በአዋሽ፣ በነጭ ሳርና በኦሞ ፓርኮች የግራር ምድሩ በከፊል ስላለ በደረቅ እንጨቱ የተነካውንና ያልተነካውን ቦታ ማነጻጸር ይቻላል። ሥራው ሌሊት ነው፤ ከየቦታው የጎለመሱ ወንዶችና ሴቶች ይያዙ፤ ግማሹ ለቅርጽ ምርመራ፣ ግማሹ ለዘረመል በሚሆን ጠንካራ አልኮል ይቀመጥ፤ ከእያንዳንዱ ጋር ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታውና የተገኘበት ዛፍ ይጻፍ፤ ግድግዳ ላይ የተያዘውና ቅርፊት ስር የተያዘው አይቀላቀል። ከዚያ ጄኖቫ ካለው አሮጌ ናሙናና ደቡብ አፍሪካ ካለው አዲስ ስብስብ ጋር ይመሳከር። በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚገኘው የዓለም የሸረሪት ማውጫ በሚያዝያ 2022 ሃምሳ ሺኛውን ዝርያ ሲመዘግብ ገና ያልተገኘው ከተገኘው እንደማያንስ ገምቷል። ከቀረው ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ሳቫና ድርሻ ቀላል አይሆንም፤ ድርሻውን ቆጥሮ ለማስመዝገብ የሚያስፈልጉት ባለሙያዎች ደግሞ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስነ ሕይወት የሚማሩ ወጣቶች ናቸው።